ከአርባ ሴኮንድ በኋላ

ማሙሽ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ በመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ ነው፤ እጁ ከሽቦ ተለይቶ ስለማያውቅ ባልደረቦቹ «ኬብሌ» ይሉታል። ታላቅ እህቱ ፊት ግን ዛሬም ማሙሽ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት፣ እሷ የአስራ ሦስት ዓመት ልጆች ነበሩ። ደብተሩን የሸፈነችለት እሷ ናት። ጥርሱ ሲነቀል እጁን ይዛ የቆመችው እሷ ናት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የገባ ጊዜም በማታው ክፍለ ጊዜ የጀመረችውን ትምህርት አቋርጣ በሁለት ፈረቃ የሠራችው እሷው ናት። ስሟን ጠርቶ አያውቅም፤ «እታለም» ነው የሚላት። ይህን ከወዲሁ መናገሬ፣ በኋላ ያደረገውን ስትሰሙ በማን ላይ እንዳደረገው እንድታውቁት ብዬ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ከበሯ ደረሰ። እታለም ከወገብ በላይ ለብሳ ጨርሳለች፤ ሰማያዊ ኮቷን ተኩሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ የአንገቷን ቁልፍ ሳይቀር ቆልፋ። ከወገብ በታች የቤት ቀሚስና ነጠላ ጫማ ነው።

«ዳኛው ከጠረጴዛ በታች አያይም» አለችው፣ ዐይኑ ወደ ጫማዋ ሲሄድ አይታ።

«ድንገት ከተነሳሽስ?»

«ልጄን እስኪሰጡኝ አልነሳም።»

ለቀልድ ያለችው ነው፤ ግን ሁለቱም አልሳቁም።

ነገሩ ይህ ነው። ባሏ፣ የቀድሞ ባሏ ማለት ይሻላል፣ የስምንት ዓመት ልጃቸውን ለእረፍት ብሎ አሁን ወደሚኖርበት ከተማ ከወሰዳት አምስት ወር አልፎታል፤ አልመለሳትም። ይባስ ብሎ ልጅቷ ከእኔ ጋር ትኑር ሲል አቤቱታ አስገባ። ችሎቱ እዚያው እሱ ባለበት ከተማ ነው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እታለም በቪዲዮ እንድትቀርብ ተፈቅዶላታል። የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ አጭርና ደረቅ ነው፦ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ለብቻ በሆነ ክፍል፣ በኮምፒውተር፣ ቢቻል በገመድ መስመር። ስሙ ከተጠራ በኋላ በአስራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ስክሪን ላይ ያልታየ ተከራካሪ እንደቀረ ተቆጥሮ በሌለበት ይወሰናል። ልጅቷ ከማን ጋር ትኑር የሚለው እንግዲህ በዚያች ሩብ ሰዓት ላይ ተንጠልጥሏል።

አቤቱታውን ደጋግማ ከማንበቧ የተነሳ እታለም በቃሏ ትወጣዋለች። ብዙውን ችላ ብላ ታልፈዋለች፤ አንዷ ዐረፍተ ነገር ግን ከጉሮሮዋ አልወርድ ብላለች፦ «ተጠሪ ሙያ የሌላትና የጀመረችውን ማናቸውንም ነገር የማትጨርስ በመሆኗ…»

«ምን ሆነ አልሽኝ?» አለ ማሙሽ ቦርሳውን እያስቀመጠ።

«ይበራል፣ ይጠፋል። ከትናንት ጀምሮ ይበራል፣ ይጠፋል። ድሮም እንዲሁ አልነበር? ዕድሌ ነው መሰለኝ፣ ገመድ እኔን አይወደኝም።»

ማሙሽ ሳቀ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገርለት፤ በዚያች ደቂቃ ከልቡ ነው የሳቀው፣ ምንም ትዝ አላለውም።

የተከራየቻት ክፍል ከግቢው ጀርባ፣ ከድንጋዩ አጥር ሥር የተለጠፈች ናት። በስልክ ለመነጋገር እንኳ እስከ ውጪው በር መውጣት ያስፈልጋል፤ በስልክ ኢንተርኔት ምስል ማስተላለፍማ አይታሰብም። ያለው ተስፋ አንድ ረጅም ኬብል ነው። የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ አዋላጅ» ይላቸዋል። ከሳሎናቸው ራውተር በመስኮት አሳልፋ፣ በግድግዳው ጥግ አስታካ እስከ ክፍሏ እንድትስበው ፈቅደውላታል። ማሙሽ ከሁሉ አስቀድሞ ሳሎን ገባ። ራውተሩ ቁም ሣጥን ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉን ገፈፈው።

«ይታፈናል እኮ እትዬ።»

«ይብረደው እንግዲህ። ግን ልጄ፣ የፈለግከውን ንካ፣ እንዳታጠፋት። ከጠፋች ታኮርፋለች። ባለፈው መብራት ሄዶ ሲመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀይ ዐይኗን አፍጥጣብን ነበር።»

«ራውተር አያኮርፍም። በሁለት ደቂቃ ይነሳል።»

«አንተ ታውቃለህ» አሉት እትዬ አዋላጅ፣ እንደማያውቅ በሚያስታውቅ ድምፅ። ከፊታቸው ቴሌቪዥናቸው በዚያው ራውተር በኩል አንዲት የአትክልት አስተማሪ ያሳያል፤ ሴትዮዋ ቲማቲም ስትተክል አንዴም አልተቆራረጠችም። ራውተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ይህን ማሙሽ በዐይኑ አይቷል፤ እናንተም ያዙልኝ።

ላፕቶፑ ድሮ የራሱ የማሙሽ ነበር። አርጅቶ መንቀርፈፍ ሲጀምር ዊንዶውሱን አውጥቶ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫነበትና ለእህቱ ሰጣት። ማሙሽ ሊኑክስ ሲነሳበት አያደርገው የለም። «ቫይረስ አይነካው፣ ክፈሉኝ አይል፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» እያለ በዘመድ አዝማዱ ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ጭኗል፤ ያልለመነችው አክስቱ እስከ ዛሬ ፎቶዎቿን ስትፈልግ ታማርረዋለች። የዚህኛው ላፕቶፕ ዋይፋይ ገና እሱ ጋ እያለ ነው የሞተው። በገመድ ካልሆነ ከዓለም ጋር አይገናኝም።

ገመዱን ሰካው። ጎኑ ላይ አረንጓዴዋ መብራት ቦግ አለች፣ ብርቱካናማዋ ትርገበገብ ጀመር፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ «ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። እታለም ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ጥቂት ቆየና ጽሑፉ ድርግም አለ።

«አየህልኝ?»

«አየሁ። አትጨነቂ፣ ገመድ ነው።»

ገመዱን ከቦርሳው ባወጣው አዲስ ገመድ ቀየረው። ያው ነው። ሳሎን ተመልሶ የራውተሩን ቀዳዳ ለወጠ። ያው ነው። የላፕቶፑን መሰኪያ በትንሿ ባትሪ እያበራ አየ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ የገመዱን ሁለት ጫፍ በመፈተሻው ሞከረ፤ ስምንቱም መብራቶች በተራ በራ በራ አሉለት። ከዚያ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ይጽፍ ገባ። ላፕቶፑ የኔትወርክ ካርዱን ያውቀዋል። አድራሻም ከራውተሩ ይቀበላል። መልእክት ሲልክ መልስ ይመጣለታል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ፤ ከዚያ እልም። እታለም ወንበሯን አስጠግታ ትከሻዋን ትከሻው ላይ አድርጋ ታያለች። ድሮ የቤት ሥራውን ሲሠራ እንዲሁ ነበር የምትቀመጠው።

የውስጥ መዝገቡን ከፈተ፤ ሊኑክስ የሚያደርገውን ሁሉ አንድ በአንድ የሚጽፍበት ነው። እንግሊዝኛውን እታለም ቀድማ አነበበችው።

«በተጠቃሚው ጥያቄ ተቋረጠ ይላል። ተጠቃሚው ማነው?»

«አንቺ ነሽ፣ ማለቴ…እሱ የሚለው አንቺን ነው።»

«እኔ? እኔ መች ጠየቅሁ? ቀጥል እያልኩ እየለመንኩት!»

ማሙሽ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጋደም አደረገው። ገመዱን ነቅሎ ሰካና ቆጠረ። አርባ ሴኮንድ ላይ ጠፋ። ደግሞ ነቅሎ ሰካ። አርባ። ለሦስተኛ ጊዜ ሰካው። አርባ፤ አንድ እንኳ አልጎደለ፣ አንድ እንኳ አልተረፈ።

ያረጀ ነገር እንዲህ አይበላሽም። ያረጀ ገመድ አንዴ በአስር፣ አንዴ በሁለት መቶ ሴኮንድ ይከዳል፤ ሲያሰኘው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። አርባ ቆጥሮ የሚቆርጥ ነገር፣ አርባ ቁጠርና ቁረጥ ተብሎ በሰው የታዘዘ ነው። ማሙሽ ይህን በደንብ ያውቃል። ያዘዘውንም ሰው ያውቀዋል። 

ሁለት ዓመት ተኩል ይሆነዋል። እታለም ያን ጊዜ ከባሏ ጋር ነበረች። በኢንተርኔት የሚሰጥ የሕፃናት መምህርነት ኮርስ ጀምራለች፤ ልጅቷን አስተኝታ፣ ዕቃ አጥባ፣ ከዚያ በቪዲዮ ክፍል ትገባለች። አንድ ቀን ባልየው ማሙሽን ቢሮው አስጠራው። ማሙሽን እዚያ መሥሪያ ቤት ያስቀጠረው እሱ ነው፤ አለቃውም አማቹም ነበር።

«እህትህን እኮ እያጣናት ነው» አለው፣ በሩን ዘግቶ። «ኮምፒውተሩ ላይ ተተክላ ቀረች። እኔ ብናገራት ጠብ ነው የሚሆነው። አንተ ታውቅበታለህ፣ ትንሽ አስቸግርልኝ። ራሷ ሲሰለቻት ትተወዋለች። የወንድ ለወንድ ነገር ነው፣ በመካከላችን ይቅር።»

ማሙሽ እምቢ አላለም። ለጤናዋ ነው፣ እንቅልፍም አጥታለች፣ ልጅቷም ታሳዝናለች እያለ ለራሱ ሰበብ ሲደረድር አመሸ። በማግስቱ «ላፕቶፑን ላጽዳልሽ» ብሎ ወሰደና አስር መስመር የማትሞላ ትእዛዝ ጻፈበት፦ ኔትወርኩ በተገናኘ ቁጥር አርባ ቁጠር፣ ቁረጥ። ለምን አርባ? አስቦበት ነው። አርባ ሴኮንድ ለመምህሩ ሰላም ለማለት ይበቃል፣ ጥያቄ ለመመለስ አይበቃም። እታለም አርባ ሴኮንድ ታይታ ትጠፋለች፣ ተመልሳ ትገባለች፣ ትጠፋለች። መምህሩ መጀመሪያ ታገሣት፣ ኋላ «ቀሪ» እያለ ይመዘግባት ጀመር። በሦስት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ማሙሽን ጠርታዋለች። አምስቱንም ጊዜ መጥቷል፤ እዚህም እዚያም ነካክቶ «የሰፈሩ መስመር ነው እታለም፣ ምን ይደረጋል» ብሏታል። ሻይዋንም ጠጥቶ ሄዷል። በመጨረሻ ተወችው። ላፕቶፑ ካርቶን ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ብትከፍተው ደብዳቤ ለመጻፍ ብቻ ነው።

ረሳው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ቢያንስ ሲያቃዠው ቢከርም አንድ ነገር ነበር። የለም፤ ሌላ ሥራ መጣ፣ ሌላ ኬብል መጣ፣ እርግፍ አድርጎ ረሳው።

ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። ትእዛዟን ለማጥፋት የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ጊዜ በሽ ነበር። ግን ማሙሽ አንድ ልማድ አለው። ከዓመታት በፊት በመሥሪያ ቤቱ ባልሠራው ጥፋት ተወንጅሎ ከሥራ ሊባረር ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ለውጥ ሲያደርግ ከበላዩ ማስታወሻ ይጽፋል፦ ማን ጠየቀ፣ ለምን፣ መቼ። በሥሩ ያሉትንም ሠራተኞች እንዲሁ አስለምዷል፤ ያልጻፈውን ይቆጣል። ያቺም ትእዛዝ ማስታወሻ አላት። በአማርኛ ነው የጻፈው። እታለም አጠገቡ ናት፣ ትከሻዋ ትከሻው ላይ ነው፣ ከእሱ ይልቅ ፈጥና ታነባለች።

እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«ምነው? አገኘኸው?»

«አይ…አንድ ነገር ልሞክር ነው። ፓስወርድሽን ንገሪኝማ።»

«ራሴ አስገባዋለሁ። ቅር አይበልህ ማሙሽዬ፣ ከዚያ ቤት ስወጣ ፓስወርዴን ለማንም ላልናገር ምያለሁ።»

አንድ የማይረባ ትእዛዝ ጻፈና ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋው። አስገባችለት። ሊኑክስ ፓስወርድ አንዴ ከገባለት ለጥቂት ደቂቃ ድጋሚ አይጠይቅም። አሁን የቀረው እሷን ከክፍሉ ማስወጣት ነው። ውሃ አምጪልኝ ቢላት ጀሪካኑ እዚያው እግሩ ሥር ነው። ሌላ ብልሃት አልመጣለት አለ፤ አንድ ቴክኒሻን ጭንቅላቱ ባዶ ሲሆን ሁልጊዜ የሚላት ነገር ብቻ ወደ አፉ መጣች።

«ሄደሽ ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪልኝ።»

«እትዬ እንዳታጠፉ ብለዋል እኮ።»

«ቴክኒሻኑ እኔ ነኝ እሳቸው?»

«ባይነሳስ? ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው የቀረን። ሌላ መንገድ የለም? ኧረ ማሙሽ፣ እኔ ፈራሁ።»

«እታለም! ታምኚኛለሽ አታምኚኝም?»

አየችው። ስድስት ዓመቱ ላይ ያየችውን ፊት ነው አሁንም የምታየው።

«አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው» አለችና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች።

ፋይሉን ከፈተው። ማስታወሻዋ አናቱ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ቀኗ ሳይቀር።

«የጠየቀው፦ አማቼ። ምክንያት፦ እታለም ኮርሱን በራሷ እንድትተወው። ከ40 ሴኮንድ በኋላ ይቁረጥ። ለጊዜው።»

ሊያጠፋት ጣቱን አነሳና ቆም አለ። አቤቱታው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፦ «የጀመረችውን ማናቸውንም ነገር የማትጨርስ»። ሁለቱ ጽሑፎች ቢጋጠሙ ምን እንደሚሆን ለመረዳት ጠበቃ መሆን አያሻም። አንዷ ሌላዋን ድራሿን ታጠፋታለች። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገብቶታል፤ አልገባውም እንዳትሉኝ። ከሳሎን በኩል የእትዬ አዋላጅ ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም የእህቱ እግር። ደነገጠ። ፋይሉን ድጋሚ ማንም ቆፍሮ እንዳያወጣው አድርጎ፣ ላዩ ላይ ሰባት ጊዜ ሌላ ነገር አስጽፎበት አጠፋው። የትእዛዝ መስኮቱንም ዘጋ። እታለም ስትገባ እጆቹን አጣምሮ ተቀምጦ ነበር።

«አጥፍቼ አብርቻለሁ። ቀይ ነው።»

«ይነሳል። ሁለት ደቂቃ።»

ሁለት ደቂቃ አለፈ። አምስት አለፈ። ማሙሽ ሳሎን ሄዶ አየ፤ የቲማቲሟ ሴትዮ ከነቲማቲሟ ጠፍታለች፣ ራውተሩ በቀይ ዐይኑ ያፈጥጣል። ነቅሎ ሰካው፣ በመርፌ ጫፍ የኋላውን ቁልፍ ተጫነው። ከውጪው በር ቆሞ ለመስመሩ ድርጅት ደወለ፤ የተቀዳ የሴት ድምፅ ጥሪዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው አለችውና ሙዚቃ ከፈተችለት። አራት ሰዓት ሆነ። እታለም መስመሩ ድንገት ቢመጣ ብላ ስክሪኑ ፊት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ኮቷን ታስተካክላለች፣ ጸጉሯን ትነካለች፣ ፍርድ ቤቱ የላከላትን መግቢያ ትጫናለች። «ግንኙነት የለም» ይላታል። ደግማ ትጫናለች።

«ዛሬ እኮ እዚያው ትሆናለች» አለች፣ ስክሪኑን እያየች። «ሊያመጣት ይችላል። አየሽ፣ እናትሽ አልቀረበችም ብሎ…ማሙሽ፣ ልጄ ስክሪኑ ላይ ትፈልገኛለች።»

አራት ከአምስት። አራት ከአስር። ማሙሽ ሁለት ጊዜ «እታለም» ብሎ አፉን ከፈተ። ሁለቱንም ጊዜ ዞር ብላ አየችው። ሁለቱንም ጊዜ «ይመጣል» አላት።

አራት ሰዓት ከአስራ ሁለት ላይ ስልኳን ይዛ ወደ ውጪው በር ሮጠች። ከላይ ሰማያዊ ኮት፣ ከታች የቤት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሰዎች ቆመው ያዩዋታል። የመዝገብ ቤቱ ስልክ ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል። ሲነሳ አራት ሰዓት ከአስራ ዘጠኝ ሆኗል። ማሙሽ ጠፍቶ የቀረውን ጫማ በእጁ ይዞ ከኋላዋ ደረሰ፤ የጸሐፊዋ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማዋል። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሥራዋን ነው የምትሠራው።

«እህቴ፣ ስምዎ ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። ዳኛው ወደሚቀጥለው መዝገብ አልፈዋል። በሌሉበት ተወስኗል፤ ልጅቷ ለጊዜው ከአባቷ ጋር ትቆያለች።»

«ለጊዜው ማለት ስንት ነው?»

«መዝገቡ እስኪከፈት ነው። ካቅም በላይ ምክንያት ከነበረዎት በአስር ቀን ውስጥ ማመልከት ይችላሉ። ቅጹ ድረ ገጻችን ላይ አለ። የባለሙያ ማስረጃ ያያይዙ፤ ያለማስረጃ አይቀበሉም።»

ማሙሽ ያቺን «ለጊዜው» የምትል ቃል ያውቃታል። በመሥሪያ ቤቱ ለጊዜው ተብሎ የተዘረጋ ገመድ አለ፤ ይኸው አስር ዓመቱ፣ እስካሁን ሰው እየተደናቀፈበት ነው።

አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ የራውተሩ ዐይን አረንጓዴ ሆነ። ሳሎን ውስጥ የአትክልት አስተማሪዋ ካቆመችበት ቀጠለች። ላፕቶፑ «ተገናኝቷል» አለ። አርባ ሴኮንድ አለፈ። ሃምሳ። ሁለት ደቂቃ። ምንም አልሆነም። እታለም ወንበሩ ላይ ተዘርግታ፣ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ታየዋለች።

«ይኸው ሠራ» አለች። «ራውተሩ ነበር ማለት ነው?»

ማሙሽ የእጅ ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንስቶ አሰረ። «ራውተሩ ነበር።»

«ስለዚህ ቀደም ብለን ብናጠፋው ኖሮ ይደርስ ነበር። አንተ አጥፊው ስትለኝ እኔ ቆሜ ተከራከርኩህ።» ድምጿ ተሰበረ። «በገዛ አፌ። በገዛ አፌ አዘግይቼህ።»

በሩ ላይ የቆሙት እትዬ አዋላጅ ደረታቸውን መቱ። «የእኔ ጥፋት ነው ልጄ። እኔ ነኝ አታጥፉ ያልኩት። ምላሴን ይቁረጠው። ቴሌቪዥኔ ደህና ሲሠራ እኮ አይቼ…»

«ቀዳዳው የተለያየ ነው፣ እትዬ» አለ ማሙሽ ቶሎ ብሎ። «ቴሌቪዥኑ ሊሠራ ይችላል።»

ሁለት ሴቶች ጥፋቱን ተከፋፍለው ወሰዱለት፤ እሱ ቆሞ አየ። አፍ የለውም እንዴ ትሉኝ ይሆናል። አለው። ከሰዓታት በኋላ ደግሞ የሚበላበት አፍ ነው።

እትዬ አዋላጅ ዐይናቸውን እየጠረጉ ሄዱ። እታለም ፊቷን ታጥባ ተመለሰች፤ ኮቷን አላወለቀችም። የፍርድ ቤቱን ድረ ገጽ ከፈተች፣ ቅጹን አወጣች፣ ላፕቶፑን ወደ ወንድሟ ገፋችው።

«አንተ ሙላልኝ። ባለሙያው አንተ ነህ፣ አጻጻፉንም ታውቅበታለህ።»

ቅጹ ላይ አራት መስመሮች አሉ፦ ችግሩ ምን ነበር? በማን ምክንያት ደረሰ? መቼ? ማስረጃው ምንድን ነው? ማሙሽ አየው። ራሱ ያወጣው ደንብ ነው፤ ማን፣ ለምን፣ መቼ። የእነዚህ ሁሉ መልስ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ እዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ፣ በራሱ እጅ ተጽፎ ነበር። አሁን ከእሱ አፍ በቀር የትም የለም። ያንን አፍ ቢከፍት እህቱ መዝገቡን ታስከፍታለች፤ እሱ ግን ከእንግዲህ እህት አይኖረውም። እንዲህ ነው ያሰበው። ያሰበው ስለ ራሱ ነው።

ጻፈ። ችግሩ፦ የራውተር ብልሽት። መቼ፦ የዕለቱን ቀን፣ ሰዓቱን ሳይቀር። በማን ምክንያት የሚለው ላይ ጣቱ ትንሽ ቆየ።

«ምነው ቆምክ?»

«ምንም» አላትና «በማንም አይደለም» ብሎ ጻፈ። ማስረጃ የሚለው መስመር ላይ «የለም» አለ፤ ከታች ሙሉ ስሙንና ሙያውን አስገባ። አላት የምትባለው ተስፋ በዚያች ቅጽ ላይ ነበረች፤ ማስረጃ የለም ብሎ ራሱ ደመደመላት።

እታለም አነበበችው። በመስመሮቹ ላይ ጣቷን እያስኬደች፣ ድሮ የቤት ሥራውን እንደምታርመው አድርጋ አነበበችውና ላከችው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየች። ጥጉ ላይ «ተገናኝቷል» የምትለው ጽሑፍ ንቅንቅ አላለችም።

«ማሙሽ።»

«አቤት።»

«በዚያኛውም ቤት ራውተሩ ይሆን እንዴ? ኮርሱን ስማር?»

ማሙሽ ቦርሳውን ከመሬት አነሳ። መፈተሻውን ከተተ፣ ባትሪዋን ከተተ። «ይሆናል» አላት።

እታለም ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ መጣ፤ ግን ከጠዋቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አየባት።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እኔ የማልረባ ሰው ሆኜ መስሎኝ ነበር።»

አሮጌውን ገመድ ጠቀለለ፣ ቦርሳው ውስጥ አስገባ፣ ዚፑን ዘጋ።